ጠብታዋ መስመሩን ስታልፍ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የፊዚክስ ማስተርስ እማራለሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ሐኪም ብሆን ታክመናለች፣ መሐንዲስ ብሆን ቤት ትሠራልናለች ይሉ ነበር፤ በፊዚክስ ግን ምን እንደማደርግላቸው ግራ ይገባቸዋል። ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ የማያውቀው አባቴ ብቻ ነው። አባቴ በወጣትነቱ በመተማ በኩል ተሻግሮ መጀመሪያ ገላባት፣ ኋላም እዚህ ገዳሪፍ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ስኳር፣ ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬና የሰሊጥ ዘይት ይሸጣል። ከቁርኣን ቤት ሌላ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ደንበኞቹን ግን «ልጄ የምትማረው በዓይን ስለማይታይ ነገር ነው» እያለ ያስደምማቸዋል። እነሱም ስለ ጂን የምማር እየመሰላቸው ጠጋ ማለት ይፈራሉ።

በማስተርሱ ሁለተኛ ዓመት ከፍተኛ ላብራቶሪ የሚባል ኮርስ አለ። እሱን ያላለፈ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ አይጀምርም፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ነው። ኮርሱን የሚሰጡን ዶክተር ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ሰው ናቸው። ሲወጡ ልብሳቸውን ትተው ሌንሶቻቸውን ይዘው ነው የወጡት ይባላል። ሸሚዛቸው ሦስት ብቻ ስለሆነ ወሬውን አምነነዋል። ላብራቶሪያችን ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ማጠራቀሚያ የነበረ ክፍል ነው። ቆርቆሮው በቀትር ይንጣጣል፣ መብራቱ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ይሄዳል። እኔ ግን ያን ክፍል እወደው ነበር። በሩ ሲከፈት የሚመጣው የአቧራና የጋለ ሽቦ ሽታ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ዶክተሩ በመጀመሪያው ቀን ሕጋቸውን ነገሩን። «እዚህ በእርሳስ አይጻፍም። የተጻፈ አይሰረዝም። ማይክሮስኮፑ አጠገብ ስልክ አይቀርብም፤ በዓይናችሁና በእጃችሁ ነው የምትለኩት። ለየሙከራው ሦስት ዕድል አላችሁ። በሦስተኛው ያልሆነለት እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይሄዳል።» ይህን ሁሉ ሲናገሩ ፈገግ ብለው ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩ። ለካ አልነበረም።

ሌሎቹን ሙከራዎች እንደምንም ተወጣኋቸው። የቀረኝ የዘይት ጠብታው ነበር። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል ዘይት እንደ ጉም ይረጫል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ኮከብ ያበራል። ጠብታዋ ቀስ እያለች ትወርዳለች፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅባት ደግሞ ትወጣለች። የማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ጠብታዋ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው ለመድረስ የሚፈጅባትን ጊዜ የሰዓት መቁጠሪያ በእጅ ይዘው ይለካሉ። ከዚያ ጊዜ ተነስቶ የአንዲት ኤሌክትሮን ሙል፣ ማለትም የተሸከመችው ኤሌክትሪክ፣ ምን ያህል እንደሆነ ይሰላል። መልሱ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ከዚያ መልስ ከመቶ አምስት በላይ የራቀ ወድቋል።

የላብራቶሪ አጋሬ ከወድ መደኒ ተፈናቅላ የመጣች፣ በእኛ ሰፈር የምትኖር ሱዳናዊት ናት። ረጅም ናት፣ ስትስቅ ድምፅዋ ሦስት ቤት ያልፋል። አንዳችን ስንለካ ሌላችን አጠገብ ተቀምጠን ቁጥር እንጽፋለን። እሷ በመጀመሪያው ዕድሏ አለፈች። በዚያው ቀን ከውጭ የመጣው ልዩ ዘይት ከጠርሙሱ ተሟጦ አለቀ። ዶክተሩ ራሳቸውን እያከኩ «ንጹሕ የሆነ ሌላ ዘይት ብናገኝ ይሠራል» አሉ። የሰሊጥ አገር ላይ ቆመው ነው እንግዲህ! እኔ እጄን አውጥቼ «ዘይት ከኛ ሱቅ አለ» አልኩ።

አባቴ ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ግመል ከሚያዞረው የዘይት መጭመቂያ ድረስ ራሱ ሄደ። ዘይቱን በንጹሕ ጨርቅ ሁለቴ አጥልሎ፣ በአዲስ ጠርሙስ ቀድቶ፣ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለዶክተሩ ሰላም በይልኝ» አለኝ። ልጅ የሚድር እንጂ ዘይት የሚሰጥ አይመስልም ነበር።

በመጀመሪያው ዕድሌ ወደቅኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ ጠብታ ለካሁ፤ ያገኘሁት መልስ ግን ከመጽሐፉ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ዶክተሩ ደብተሬን አይተው «ዘይቱን መርምሪው» አሉኝ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። አባቴን ጠረጠርኩት። የሰሊጥ ዘይት ውስጥ የለውዝ ዘይት የሚቀላቅል ነጋዴ ገዳሪፍ ውስጥ ሞልቷል፤ አባቴም ነጋዴ ነው። ከላብራቶሪው ጥግ ቁጭ ብዬ፣ ሰው እንዳያየኝ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የአባቴን ዘይት መዘንኩ። ክብደቱ ከንጹሕ የሰሊጥ ዘይት ጋር ይገጥም እንደሆነ ሦስት ጊዜ መዘንኩ። ዘይቱ ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት ነበር። ማታ ቤት ስገባ «ዘይቱ እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ግሩም ነው» አልኩትና ፊቱን ማየት አቃተኝ። እንዲያ አድርጌ በራሴ አፍሬ አላውቅም።

በሁለተኛው ዕድልም ወደቅኩ። ያው ከአሥር አንድ እጅ ጎደለ። የተለየ ነገር ቢመጣ እንኳ ይሻል ነበር፤ ይሄ ግን አውቆ የሚያሾፍብኝ ይመስል ያንኑ ያህል ይጎድላል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። መስኮቱን ዘግቼ በአማርኛ ተሳደብኩ፤ አጋሬ ቃሉን ባታውቀውም ስድብ መሆኑን አውቃ ሳቀች። የቀረኝ አንድ ዕድል ነው፣ በሳምንቱ፤ በዚያኛው ዶክተሩ ራሳቸው ቁጭ ብለው ያዩኛል።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። «ሱቁ ነው» አለ።

«የምን ሱቅ?»

«ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ሚዛን ፊት አቆምኩሽ። ሰው ልጁን ሲያስጠና እኔ ስኳር አስመዘንኩሽ። ልብሽ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ፣ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ሱቅ እንዳትቆሚ።»

ጮኽኩበት። ሱቁ ምንም አላደረገም፣ ጠብታ ነው ያቃተኝ፣ ጠብታና ስኳር ምን አገናኛቸው አልኩት። አልሰማኝም። ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበር። ከጎንደር ቆላ የሚመጡት ሠራተኞች ወደ እርሻው ከመሄዳቸው በፊት ሱቃችንን ይሞሉታል። አባቴ በዚያ የታመመ ጉልበቱ ብቻውን ከመደርደሪያ ወደ ሚዛን ሲመላለስ እያየሁ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ደብተር ገልጬ ተቀመጥኩ። አንዲት ገጽ አላነበብኩም። ከፈተናው ይልቅ የሱ «አበላሸሁሽ» ነበር ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት መስጊድ ሲሄድ እገዳውን ጥሼ ሚዛን ፊት ቆምኩ። አጋሬም ልታጽናናኝ መጥታ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አንድ አጫጅ ገባና «እቱ፣ እስቲ ሁለት ኪሎ ምስር» አለኝ። መዘንኩ። ሌላው ስኳር ፈለገ፤ እሱንም መዘንኩ። ቀና ስል አጋሬ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

«አሁን ያደረግሽው ምንድን ነው?» አለች በዐረብኛ።

«ምን አደረግኩ? መዘንኩ።»

«ሚዛኑ እኩል ሆኖ ቆመ። ከዚያ በከንፈርሽ አንድ ነገር አልሽና ደግሞ ጨመርሽበት።»

«እሱማ ምራቂ ነው» አልኳት። ምራቂ ማለት ሻጭ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ለገዢው ከላይ ጣል የሚያደርግለት ትንሽ ጭማሪ እንደሆነ ነገርኳት። «ሳልጨምር ከዘጋሁ እጄን ይበላኛል። ታስቦ የሚደረግ አይደለም።»

«በከንፈርሽስ ምንድን ነው የምትዪው?»

አላወቅኩም። አጫጁ ነገሩ ገብቶት «‹ሞላ› ትያለሽ እንጂ። እኔ እንኳ ሰምቼሻለሁ» አለኝ በአማርኛ።

አጋሬ ከጆንያው ላይ ተነሳች። «ማይክሮስኮፑ ላይም እኮ ታደርጊዋለሽ! አጠገብሽ ስቀመጥ እሰማሻለሁ። ጠብታዋ የመጀመሪያውን መስመር ስትነካ ወዲያው ነው የምትጫኚው። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ግን መጀመሪያ በከንፈርሽ አንዲት ቃል ትያለሽ፣ ከዚያ ነው የምትጫኚው። ጸሎት መስሎኝ ዝም አልኩሽ!»

ልክ ነበረች። «ደረሰች» ነበር የምለው። ጠብታዋ መስመሩ ላይ ትደርሳለች፣ እኔ «ደረሰች» እላለሁ፣ ትንሽ እንድታልፍ እተዋታለሁ፣ ከዚያ ሰዓቱን አቆማለሁ። ለዘይት ጠብታ ምራቂ ስሰጣት ከርሜያለሁ! ጊዜው ሲረዝም የኤሌክትሮኗ ሙል ያንሳል፤ ከአሥር አንድ እጅ የበላብኝ የገዛ እጄ ነበር። አጋሬ ያንን ሦስት ቤት የሚያልፍ ሳቋን ለቀቀችው፤ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

«ምን ሆነች ልጂቱ?» አለ አጫጁ።

«ምራቂው ገርሟት ነው።»

«ምነው፣ በነሱ ዘንድ የለም እንዴ? በይ ጨምሪላት እንጂ፣ እንግዳም አይደለች!»

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ሕመሙ ታወቀ ማለት ተዳነ ማለት አይደለም። በማግሥቱ ላብራቶሪ ገብቼ ልምዱን ልተወው ታገልኩ። ከንፈሬን ነክሼ ለካሁ፤ ፈርቼ ጠብታዋ ሳትደርስ ተጫንኩ። ቀጥሎ ዘገየሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቸኮልኩ። ድሮ ሁሌም ባንድ መጠን ይጎድል የነበረው ቁጥር አሁን እዚህም እዚያም ሆነ። ከበፊቱ የባሰ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረው፣ እና በእውነት ፈራሁ። ከወደቅኩ አባቴ ዕድሜ ልኩን ሱቁን እየረገመ ይኖራል።

ያን ጊዜ አጋሬ «እንግዲያው ተዪው ይጨምር» አለች። «እጅሽን እንደ ልማዱ ልቀቂው። እኛ ስንት እንደሚጨምር እንለካው።»

አንድ ረጅም የመስታወት ሲሊንደር በአባቴ የሰሊጥ ዘይት ሞላን። ጎኑ ላይ ሁለት መስመር በቀለም አሰመርን። እህቴ ከበጠሰችው የአንገት ሐብል ትናንሽ የመስታወት ዶቃ አመጣሁ። ዶቃዋ ዘይቱ ውስጥ ስትለቀቅ ተዝናንታ ነው የምትወርደው። እሷ በስልኳ ትቀርጻለች፤ ስልኩ እውነተኛውን ጊዜ ይነግረናል። እኔ ደግሞ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደማደርገው በእጄ ሰዓት እይዛለሁ፣ ከንፈሬንም ለቀቅኩት። ሃያ ዶቃ ጣልን። በሃያውም እጄ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ጨምሯል። አንዱም ከሌላው ብዙ አይለይም። ቁጥሮቹን ተራ በተራ ሳያቸው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ኮራሁ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሲሊንደሩን ታቅፌ ገባሁ። ዶክተሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከጠብታው በፊት እጄን ልለካ ነው፣ ዶክተር። እጄ ይጨምራል።»

አልከለከሉኝም። ስልኩ ከማይክሮስኮፑ ራቅ ብሎ እንዲቆም ብቻ አዘዙና ወንበራቸውን ስበው ዶቃዎቹ ሲወርዱ አዩ። ከዚያ ጠብታውን ጀመርኩ። እንደ ልማዴ «ደረሰች» እያልኩ ለካሁ፤ እሳቸው ሲሰሙኝ ማፈሬን ረስቼዋለሁ። ሁሉንም በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ የጨመርኩትንም፣ የቀነስኩትንም። ሳይቀነስ ያው ከአሥር አንድ እጅ ጎደለ። ከየጊዜው የእጄን ጭማሪ ስቀንስ በመልሱና በመጽሐፉ መካከል ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነው የቀረው።

ዶክተሩ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። «እጅሽ ለምንድን ነው የሚጨምረው?»

«ባለሱቅ ነን፣ ዶክተር። አባቴ መዝኖ ሲጨርስ ትንሽ ይጨምራል። እኔም ከሱ ነው የለመድኩት።»

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «ለሁሉም እኩል ነው የምትጨምሩት? ወይስ ለሰው ለሰው ነው?»

«እኩል ነው። ለሀብታሙ አብዝቶ ለአጫጁ ማሳነስን አባቴ አይወድም። አንድ ቀን ለአስተማሪዬ አብዝቼ ጨምሬ ተቆጥቶኛል።»

«ለዚህ ነው ያለፍሽው» አሉ። «አንዳንዴ አብዝተሽ አንዳንዴ ነፍገሽ ብትጨምሪ ኖሮ ይህን ደብተር ማንም ሊያድነው አይችልም ነበር። እኩል ስለሆነ ግን ይቀነሳል።» ደብተሬ ግርጌ ፈረሙበት። አጋሬ በር ላይ ሆና እልል አለች፤ ዶክተሩ «ይሄ ላብራቶሪ ነው!» ብለው ተቆጡ፣ የእውነት አልነበረም።

ከግቢው ወጥቼ ራክሻ፣ ባጃጅ የምንለውን፣ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ነው። መውደቄ ከሱቁ እንደሆነ ከሰማ፣ ልክ ነበርኩ ብሎ ሊሰበር ነው። መዋሸት ደግሞ አልፈለግኩም፤ ዘይቱን መመዘኔን አንዴ ደብቄዋለሁ። ስደርስ ሱቁ ሙሉ ነበር። አባቴ ሲያየኝ የያዘውን የስኳር ማንኪያ በአየር ላይ አቆመው።

«አልፌያለሁ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለና ወዲያው ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ምን ነበር ሲጥልሽ የነበረው?»

«ሱቁ ነበር፣ አባዬ። ምራቂው። ጠብታዋ ላይ እንደ ስኳር እየጨመርኩ ነበር።»

ፊቱ ጠቆረ። ማንኪያውን ጆንያው ውስጥ መለሰው። ቶሎ ብዬ የቀረውን ነገርኩት፤ ዶክተሩ የጠየቁኝን፣ የመለስኩላቸውን፣ በመጨረሻ ያሉትን። «ለሁሉም እኩል ባይሆን ኖሮ አላልፍም ነበር። እንዲህ ነው ያሉት።» ዘይቱን ጠርጥሬ በስውር መዝኜው እንደነበርም ነገርኩት። ለሱ ደንታም አልሰጠው፤ «መመዘንሽ ደግ አደረግሽ» ብቻ አለ።

«እንደገና በይው፣ እሳቸው ያሉትን» አለኝ።

አልኩለት።

«በዐረብኛ በይው፣ እንዳሉት።»

በዐረብኛ አልኩለት። በጀለቢያው ጫፍ የሚዛኑን ሳህን መጥረግ ጀመረ፤ ሳህኑ ንጹሕ ነበር። ከፊቱ የቆመችው ሴትዮ ስኳሯን ትጠብቃለች፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው ገብቷል፤ እሱ ግን ማንንም አላየም።

«እኔ እኮ ያበላሸሁሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

በሰው ፊት አለቀስኩ። ሳህኑን ከእጁ ወስጄ ሚዛኑ ላይ መለስኩት፤ እሱ ጉልበቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም የሴትዮዋን ስኳር መዘንኩ።